ዕቃው ከኔ፣ እጁ ከእናንተ፦ የራስን መለዋወጫ በወኪሉ ጋራዥ ማስገጠም

ልብስ ሰፊ ጋ ሁለት ዓይነት ደንበኛ ይመጣል። አንዱ «ሱሪ ስፋልኝ» ብሎ ጨርቁንም ስፌቱንም ለሰፊው ይተዋል። ሌላው ጨርቁን ራሱ መርጦ፣ ራሱ ገዝቶ፣ በፌስታል ይዞ ይመጣል። ይኼኛው ጥቂት ገንዘብ ያተርፋል። ሱሪው አንዴ ታጥቦ ካጠረ ግን ጭቅጭቁ ይጀምራል። ሰፊው «ጨርቅህ ነው የተሰበሰበው» ይላል። ጨርቅ ሻጩ «ሰፊው ነው ያሳጠረው» ይላል። ባለሱሪው ቁርጭምጭሚቱ እየታየ መሀል ላይ ይቀራል።

ከሌላ ቦታ የገዛውን መለዋወጫ ይዞ ወደ መኪናው ወኪል ጋራዥ የሚሄድ ሰው እንደዚህ ባለጨርቅ ነው። ወኪል ስል የአምራቹን ስም ሰቅሎ አዲስ መኪና የሚሸጠውን፣ ከጎኑም ጥገና የሚሰጠውን ድርጅት ማለቴ ነው። ዲለር የሚሉትም አሉ። አብዛኛው ሰው ነገሩን የጥራት ጉዳይ አድርጎ ያየዋል። «ዕቃዬ ጥሩ ነው፤ ለምን አይገጥሙልኝም?» ይላል። ወኪሉ የሚያሰላው ግን ሌላ ነገር ነው፦ ነገ ቢበላሽ ተጠያቂው ማን ነው? እንቢ ሲልም፣ እሺ ብሎ ዋስትና ሲነፍግም፣ የእጅ ዋጋ ሲጨምርም ከጀርባው ያለችው ይህቺው ጥያቄ ናት።

አፍተርማርኬት ማለት ኮፒ ማለት ነው?

አይደለም። ግን ሁለቱ ቃላት ስለተደባለቁ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

አፍተርማርኬት የሚባለው ከመኪናው አምራች ውጪ ያለ ኩባንያ በራሱ ስም ሠርቶ ለገበያ የሚያቀርበው ዕቃ ነው። ፊልትሮ ሊሆን ይችላል። የፍሬን ሸራ፣ ቸርኬ፣ ሾክ፣ ስክሪን ያለው ቴፕም ሊሆን ይችላል። ቃሉ ዕቃው በማን ስም እንደሚሸጥ ይነግረናል እንጂ ጥሩ ይሁን መጥፎ አይነግረንም።

ጄኑዊን የምንለው ደግሞ የመኪናው አምራች ስም ባለበት ካርቶን የሚመጣውን ነው። እዚህ ጋ አንድ የማይነገር ነገር አለ። መኪና አምራቾች አብዛኛውን ዕቃ ራሳቸው አይሠሩትም። ካንዴላ ከኤንጂኬ ወይም ከዴንሶ፣ ካምቢዮ ከአይሲን፣ የነዳጅ መርጫ ከቦሽ ይገዛሉ። ዴንሶ እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1949 ተለይቶ እስኪወጣ ድረስ የቶዮታ አንድ ክፍል ነበር። እነዚህ ኩባንያዎች ለአምራቹ በአምራቹ ካርቶን ያቀርባሉ፤ ለገበያው ደግሞ በራሳቸው ካርቶን ይሸጣሉ። በንግዱ ቋንቋ ኦኢኤም ሲባል የምትሰሙት ለአምራቹ የሚያቀርበውን ፋብሪካ ሥራ ለማለት ነው። ስለዚህ ከአንድ መስመር የወጡ ሁለት ካንዴላዎች፣ አንዱ «ኦሪጅናል»፣ ሌላው «አፍተርማርኬት» ተብለው፣ በተለያየ ዋጋ መደርደሪያ ላይ ሊገናኙ ይችላሉ።

ከዚያ በኋላ ሰፊው ሜዳ ይመጣል። ለዚያ መኪና ፋብሪካ አቅርበው የማያውቁ፣ ግን የመኪናውን ዕቃ ለክተው የሚሠሩ ኩባንያዎች አሉ። እዚህ ውስጥ ከፋብሪካው ዕቃ የሚበልጥም ታገኛላችሁ፤ ሁለት ወር የማይሞላም ታገኛላችሁ። አንዳንዱ ዕቃ ላይ የሚለይ ምልክት አለ። ለምሳሌ አር 90 የሚባል ዓለም አቀፍ ደንብ አለ፤ ምትክ የፍሬን ሸራን ይመለከታል። በዚህ ደንብ የተፈተነ ሸራ የመያዝ አቅሙ ከፋብሪካው ሸራ በ15 በመቶ ክልል ውስጥ መሆን አለበት። ከዚያ ያነሰ ብቻ ሳይሆን ከዚያ የበለጠም አይፈቀድም። ለምን ቢባል፣ የፊቱ ከኋላው በጣም ከበለጠ የፍሬኑ ሚዛን ይዛባል። ያለፈው ሸራ ላይ በክብ ውስጥ የተጻፈ የላቲን «ኢ» ፊደል ከአንድ ቁጥር ጋር ታያላችሁ። ቁጥሩ ያጸደቀውን አገር ያመለክታል፤ 1 ጀርመን ነው።

ፎርጅድ ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። የሌላውን ስም ሰርቆ፣ ካርቶኑን አስመስሎ የሚመጣ ነው። «አነስ ያለ ጥራት» ተብሎ ደረጃ አይወጣለትም፤ ማጭበርበር ነው። ኮፒ የሚለው ቃል ሁለቱን አንድ ላይ ስለሚጠራቸው ሐቀኛው አፍተርማርኬት በፎርጅዱ ኃጢአት ይወቀሳል። ወኪሉ ጋ ስትሄዱ ይህ ልዩነት ይጠቅማችኋል። «ኮፒ ይዤ መጥቻለሁ» ካላችሁ በሩን በራሳችሁ እጅ ዘጋችሁት።

አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔን ያስገረመኝ ስለሆነ። ወኪሎች ራሳቸው አፍተርማርኬት ይሸጣሉ። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ2017 ኦምኒክራፍት የሚል ስም አወጣ። ፎርድ ላልሆኑ መኪናዎች የሚሆን ዕቃ በፎርድ ወኪሎች በኩል ለመሸጥ ነው። ሬኖ ሞትሪዮ የሚባል አለው። ስለዚህ «እኛ ከጄኑዊን ሌላ አንነካም» የሚለው መልስ ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ከእነሱ መደርደሪያ ያልወጣ አይነኩም ማለታቸው ሊሆን ይችላል።

ወኪሉ መግጠም ግዴታው ነው?

በጥቅሉ አይደለም። ሰፊው በጨርቃችሁ አልሰፋም የማለት መብት እንዳለው ሁሉ፣ ወኪሉም ይዛችሁ የመጣችሁትን ዕቃ አልገጥምም ማለት ይችላል።

እዚህ ላይ ግልጽ መሆን ያለበት ወኪሉና አምራቹ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ድርጅት አለመሆናቸው ነው። ወኪሉ ከአምራቹ ጋር ውል የፈረመ ራሱን የቻለ ነጋዴ ነው። ስለዚህ አንድ ዓይነት ስም የሰቀሉ ሁለት ወኪሎች ለአንድ ጥያቄ ሁለት መልስ ቢሰጡ አይግረማችሁ። የአንዱ እንቢታ የኩባንያው ሁሉ እንቢታ ማለት አይደለም።

ከተግባር የምናየው መልስ አራት ዓይነት ነው። ጭራሽ አንገጥምም የሚል አለ። እንገጥማለን፣ ግን ለዕቃውም ለእጃችንም ዋስትና የለም የሚል አለ። ይህ በጣም የተለመደው ነው። የፈለጋችሁትን አፍተርማርኬት ንገሩን፣ ራሳችን አዝዘን እንገጥማለን የሚልም አለ፤ ከዚህ በታች እንደምናየው ብዙ ጊዜ የሚሻለው እሱ ነው። አራተኛው ዓይነት ደግሞ ጎማ፣ ቸርኬ፣ ቴፕ፣ የጣራ ዕቃ መጫኛን የመሰለ ተጨማሪ ነገር ብቻ ተቀብሎ ሞተርና ፍሬን የሚነካ ነገር የማይቀበል ነው።

ለምን እንቢ ይላሉ? ስግብግብነት ነው?

ገንዘብ የለበትም ብል እዋሻለሁ። ወኪል አዲስ መኪና ሸጦ የሚያገኘው ትርፍ ቀጭን ነው። ቤቱን የሚያቆመው ጥገናውና መለዋወጫው ነው። ከዕቃው ላይ ያተርፋል፤ ከእጁ ላይ ያተርፋል። ዕቃውን ይዛችሁ ስትመጡ አንዱን እግር ቆረጣችሁበት። ስለዚህ የእጅ ዋጋውን ከፍ ቢያደርግ ከየት እንደመጣ ይገባችኋል።

ግን ገንዘቡ ብቻ አይደለም። መካኒኩ እንዴት እንደሚከፈለው እዩ። ብዙ የወኪል ጋራዦች ውስጥ እያንዳንዱ ሥራ አስቀድሞ የተወሰነለት ሰዓት አለው። የፊት ሸራ መቀየር ይህን ያህል፣ የውሃ ፓምፕ ይህን ያህል ተብሎ በመመሪያ ተጽፏል። ደንበኛው የሚከፍለው በዚያ ሰዓት ነው። በብዙ አገር መካኒኩም የሚከፈለው በዚያው ነው። ሥራውን በፍጥነት ከጨረሰ ያተርፋል፤ ከዘገየ ከኪሱ ነው። አሁን እናንተ ያመጣችሁት ሸራ በሁለት ሚሊሜትር ሰፍቶ አልገባ ቢልስ? መኪናው ሊፍት ላይ ተንጠልጥሏል። ጎማው ወልቋል። አሮጌው ሸራ አልቋል፤ ተመልሶ አይገጠምም። ሊፍቱ ተይዟል፤ ቀጣዩ ደንበኛ ቁልፉን ይዞ ቆሟል።

ይህ የመጽሐፍ ምሳሌ አይደለም፤ ደርሶብኛል። የኋላ ኩሽኔታ ገዝቼ፣ «ልኩ ይኸው ነው» ተብዬ፣ በኩራት ይዤ ሄድኩ። ልኩ የዚያው መኪና ነበር። ያልጠየቅኩት ነገር ቢኖር መኪናው ኤቢኤስ፣ ማለትም ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከል ሥርዓት፣ ያለው ነው ወይ የሚለውን ነው። ኤቢኤስ ባለው መኪና ኩሽኔታው የጎማውን ፍጥነት ለሚያነበው ሴንሰር የሚሆን ማግኔታዊ ቀለበት ሊኖረው ይችላል። የኔ ዕቃ ቀለበት የለውም። ዓይን አይቶ የማይለየው ልዩነት ነው። ተገጠመ፤ የኤቢኤስ መብራት በራ። እንደገና ፈቱት። ሁለት ጊዜ የእጅ ከፈልኩ፤ መካኒኩ ደግሞ ከኔ ጋር ሲከራከር ግማሽ ቀኑ ሄደ። ከዚያ ወዲህ እንቢ የሚለኝን ጋራዥ ብዙም አልቀየምም።

ሦስተኛው ምክንያት ደኅንነት ነው። ፍሬን፣ መሪ፣ ኤርባግ የሚነካ ዕቃ ተበላሽቶ ሰው ቢጎዳ፣ የመጨረሻው የነካው እጅ መጠየቁ አይቀርም። ወኪሉ ዕቃው ከየት እንደመጣ ሳያውቅ ፊርማውን ማኖር አይፈልግም።

ካስገጠምኩ የመኪናዬ ዋስትና ይሰረዛል?

ሁሉም የሚፈራው ይህንን ነው። በተሳሳተ መንገድ የሚወራውም ይኸው ነው። «ሌላ ዕቃ ካስገባህ ዋስትናህ አለቀ» ይባላል። እንዲህ በደፈናው ትክክል አይደለም።

መጀመሪያ ዋስትና ስንል የትኛውን እንደሆነ እንለይ። ሦስት ናቸው። አንደኛው አምራቹ ለመኪናው የሰጠው ነው። ሁለተኛው ዕቃውን የሠራው ኩባንያ ለዕቃው የሰጠው ነው። ሦስተኛው የገጠመው ጋራዥ ለእጁ የሚሰጠው ነው። ሦስቱ በሦስት ሰዎች ኪስ ውስጥ ናቸው። ጄኑዊን ዕቃ በወኪሉ ስታስገጥሙ ሁለተኛውና ሦስተኛው አንድ ጠረጴዛ ላይ ይገናኛሉ። የራሳችሁን ስታመጡ ይለያያሉ።

አሁን ወደ አንደኛው። በአሜሪካ ማግኑሰን-ሞስ የሚባል የዋስትና ሕግ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣ ነው። ሕጉ አምራቹ «የኔን ስም የያዘ ዕቃ ካልተጠቀምክ ዋስትናህ ይቀራል» እንዳይል ይከለክላል። ዕቃውን በነፃ ካልሰጠ ወይም ልዩ ፈቃድ ካላገኘ በቀር ማለት ነው። ዋስትና መንፈግ የሚችለው ጉዳቱ ከዚያ ሌላ ዕቃ የመጣ ሲሆን ነው። ያንን ማሳየት ያለበትም ነፋጊው ነው። የአገሪቱ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ለስድስት ኩባንያዎች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈ፤ መኪና የሚሸጡም ነበሩበት። በ2022 ደግሞ የሞተር ሳይክል አምራቹ ሃርሊ-ዴቪድሰን የሌላ ኩባንያ ዕቃ የተጠቀመ ደንበኛ ዋስትናውን ያጣል የሚለውን አንቀጹን እንዲያወጣ አደረገ።

አውሮፓ ኅብረትም በሌላ መንገድ እዚያው ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው 461 ቁጥር ደንብ የውድድር ሕግ ነው። ከእሱ ጋር የወጣው መመሪያ አምራቾች ዋስትናን «እኛ ጋ ብቻ ካሠራህ» ወይም «የኛን ዕቃ ብቻ ካስገባህ» በሚል ሁኔታ እንዳያስሩ ያሳስባል። በዋስትና በነፃ የሚሠራውን ጥገና ግን አምራቹ በራሱ ዕቃ ይሠራ ዘንድ ማዘዝ ይችላል፤ ከፋዩ እሱ ነውና።

እነዚህ ሕጎች በየአገሩ አይሠሩም። የምትኖሩበት አገር ሕግና በእጃችሁ ያለው የዋስትና ደብተር ነው የሚገዛችሁ። ሐሳቡ ግን የትም ቢሆን ለመከራከር ይረዳል፦ ጉዳቱና ዕቃው መያያዝ አለባቸው። ቴፕ አስቀይራችሁ ካምቢዮ ቢበላሽ፣ ቴፑ ካምቢዮ አይሰብርም። አዲስ ቸርኬ ስላስገባችሁ የመስኮቱ ሞተር ዋስትና አይነካም።

ሲያያዝስ? የዘይት ፊልትሮ ትንሽ ዕቃ ትመስላለች። ውስጧ ግን ወረቀት ብቻ አይደለም ያለው። ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ወደ ታች እንዳይመለስ የሚይዝ ጎማ አለ። ፊልትሮው ሲዘጋ ዘይቱ በሌላ መንገድ እንዲያልፍ የሚከፈት ቫልቭ አለ፤ ቫልቩ የሚከፈትበት ግፊት ከሞተር ሞተር ይለያያል። ርካሽ ፊልትሮ ውስጥ ያ ጎማ ደርቆ ቢቀር፣ ወይም ወረቀቱ ተቀዶ ቢገባ፣ ሞተሩ ዘይት ያጥረዋል። ያን ጊዜ ወኪሉ ፊልትሮውን ቆርጦ፣ ከፍቶ፣ ፎቶ አንስቶ «ይኸው ምክንያቱ» ሊል ይችላል። ትክክልም ይሆናል። ወጪው የፊልትሮው ሻጭና የእናንተ ጉዳይ ሆነ ማለት ነው። ጥሩ አፍተርማርኬት ኩባንያ እዚህ ጋ ይለያል፤ ፊልትሮዬ ሞተር ካበላሸ እከፍላለሁ ብሎ በጽሑፍ የሚሰጥ አለ፤ ስልኩን የማያነሳም አለ።

ከሁሉ የከፋው የሞተሩን ኮምፒውተር ማስነካት ነው፤ ጉልበት ለመጨመር የሚደረገው ፕሮግራም። ኦዲና ፎልክስዋገን እንዲህ የተደረገበትን መኪና ሲያገኙ በሥርዓታቸው ላይ ቲዲ1 የሚል ምልክት ያደርጉበታል። ከዚያ በኋላ በሞተርና በካምቢዮ ዋስትና መሟገት ዳገት ነው። ፕሮግራሙን ወደ ፋብሪካው መልሼ እሄዳለሁ ማለትም ብዙ አያዋጣም። ኮምፒውተሩ ስንቴ እንደተጻፈበት ይመዘግባል።

ሁለት ነገር አታደባልቁ። አንዱ «ዋስትናዬ ይቀራል ወይ» ነው። ሌላው «ወኪሉ ይገጥምልኛል ወይ» ነው። ለመጀመሪያው ሕግ ሊከላከላችሁ ይችላል። ለሁለተኛው ሕግ ጠቅሶ ጠረጴዛ መምታት አያስገጥምም።

የእጅ ዋስትና ለምን ያን ያህል ይወራለታል?

የተረፈው ገንዘብ የሚሄደው በዚህ ቀዳዳ ስለሆነ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። የውሃ ፓምፕ ለመቀየር አራት ሰዓት ይፈጃል እንበል። ፓምፑን ከውጭ ገዛችሁ፤ ከወኪሉ ዋጋ በግማሽ። ወኪሉ ገጠመላችሁ፤ የአራት ሰዓት ከፈላችሁ። በሦስተኛው ወር ፓምፑ ማንጠባጠብ ጀመረ። ሻጩ ጨዋ ነው፤ ያለ ክርክር አዲስ ፓምፕ ሰጣችሁ። የፓምፕ ዋጋ ዜሮ። ግን ማን ይፈታዋል? እንደገና አራት ሰዓት። ያንን ሻጩ አይከፍልም፤ ዋስትናው ለዕቃው ብቻ ነው። ወኪሉም አይከፍልም፤ እጁ አልተሳሳተም። የቀራችሁት እናንተ ናችሁ።

ያው ፓምፕ ከወኪሉ ቢገዛና እሱ ቢገጥመው፣ በዋስትናው ጊዜ ውስጥ እስከሆነ ድረስ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው የእጅ ሥራ ከእናንተ ኪስ አይወጣም። ጄኑዊን ዕቃ የሚወደድበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ዋጋው ውስጥ የተደበቀ ኢንሹራንስ አለ።

ስለዚህ ስሌቱ ቀላል ነው። ለመፍታት ብዙ ሰዓት የሚፈጅ ዕቃ ላይ ርካሽ መግዛት አደጋ አለው። ታይሚንግ ቺንጋ፣ የውሃ ፓምፕ፣ ፍሪሲዮን እንዲህ ናቸው። በአሥር ደቂቃ የሚቀየር ዕቃ ላይ ግን እጁ ቢደገምም አይጎዳም። የአየር ፊልትሮ፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ አምፖል የዚህ ወገን ናቸው። እነዚህን እንዲያውም ወኪል ጋ መውሰድ ራሱ አያስፈልግም፤ የመኪናውን መጽሐፍ ከፍቶ ቤት መቀየር ይቻላል።

ይዤ ባልሄድ የሚሻለው ዕቃ የትኛው ነው?

ኤርባግ። በዚህ ላይ ድርድር የለም። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2012 ስለ ሐሰተኛ ኤርባጎች አስጠንቅቆ ነበር። ሲፈተኑ ያልተነፉ ነበሩ፤ የብረት ስብርባሪ የረጩም ነበሩ። ከላይ ሲታዩ ግን ከእውነተኛው አይለዩም።

ቀጥሎ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚነጋገሩ ዕቃዎች አሉ። የዛሬ መኪና ዕቃ ተገጥሞ ብቻ አያልቅም፤ መተዋወቅ አለበት። በብዙ ቢኤምደብሊው መኪናዎች አዲስ ባትሪ ሲገባ ለኮምፒውተሩ መንገር ያስፈልጋል። ካልተነገረው እንደ አሮጌ ባትሪ እየሞላው ዕድሜውን ያሳጥረዋል። የጎማ ግፊት የሚናገር ሴንሰርም አለ። አሜሪካ የተሸጡ መኪናዎች በአብዛኛው በ315 ሜጋኸርዝ፣ አውሮፓ የተሸጡት በ433 ይነጋገራሉ። የተሳሳተውን ከገዛችሁ ሴንሰሩ ያወራል፣ መኪናው አይሰማም።

የፊት መስታወትም እንደ ድሮው መስታወት ብቻ አይደለም። ከኋላ መመልከቻው መስታወት ጀርባ ካሜራ ካለ፣ መስመር ስትስቱ የሚያስጠነቅቃችሁና ከፊት ሰው ሲገባ ፍሬን የሚይዝላችሁ እሱ ነው። መስታወቱ ተቀይሮ ካሜራው በልዩ መሣሪያ ካልተስተካከለ፣ ወይም መስታወቱ ካሜራው ፊት ላይ ጥራት ከጎደለው፣ መኪናው የሚያየው ዓለም ይዛነፋል። የካሜራው ማዕዘን ጥቂት መዛነፍ ሃምሳ ሜትር ርቀት ላይ ብዙ ነው። ይህን ሥራ መሣሪያው ላለው መስጠት ነው።

ጠረጴዛው ጋ ስደርስ ምን ልበል?

አስቀድማችሁ ደውሉ። ዕቃውን ከገዛችሁ በኋላ ሳይሆን ከመግዛታችሁ በፊት። መኪናውን የሚቀበለው ሰው እንቢ የሚል ከሆነ በስልክ ቢል ይሻላል። ንግግሩ እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ። የፊት የፍሬን ሸራ ማስቀየር ፈልጌ ነበር። ዕቃውን እኔ ባመጣ ትገጥሙልኛላችሁ?»

«እንገጥማለን፤ ግን ለዕቃው ዋስትና አንሰጥም።»

«ገብቶኛል። ለእጃችሁስ? ሸራው ጤነኛ ሆኖ አገጣጠሙ ቢበላሽ?»

«እሱን አሁን መናገር አልችልም…»

«እንግዲያው ሲመልሱልኝ በሥራ ትዕዛዙ ላይ ይጻፍልኝ። ደግሞ ይህን ዓይነት ሸራ እናንተ ራሳችሁ ብታዝዙልኝ ዋጋው ስንት ይሆናል?»

የመጨረሻዋ ጥያቄ ብዙ ሰው የማይጠይቃት ናት። ወኪሉ ራሱ ካዘዘው ዕቃው የእሱ ጨርቅ ሆነ፤ ተጠያቂነቱም ወደ አንድ ጠረጴዛ ተመለሰ። እናንተ ካገኛችሁት ዋጋ ጥቂት ቢጨምርም፣ ከጄኑዊኑ አንሶ ዋስትና ያለው ሊሆን ይችላል። ካላዘዘም ምንም አልጎደለባችሁም።

የሥራ ትዕዛዙን ሳታነቡ አትፈርሙ። «ደንበኛው ያመጣው ዕቃ» የሚል ሐረግ ይኖርበታል። ከሱ ጎን የሚጻፈውን እዩ። «ለዕቃው አንጠየቅም» የሚል ከሆነ ፍትሐዊ ነው። «ከዚህ ሥራ ጋር ለሚያያዝ ማንኛውም ነገር አንጠየቅም» የሚል ከሆነ ግን ብሎን ረስተው ቢሄዱም አይጠየቁም ማለት ነው። ይህንን እንዲያርሙት ጠይቁ። በብዙ ቦታ ጋራዥ ለራሱ እጅ ጉድለት እንዳይጠየቅ በአንድ መስመር ማምለጥ አይችልም። መስመሩ ግን ክርክሩን ያስረዝማል።

ዕቃውን ስትገዙ የመኪናውን ሞዴልና ዓመት ብቻ አትናገሩ። የሻንሲ ቁጥሩን ስጡ። ይህ 17 ፊደልና አኃዝ ያለው ቁጥር መኪናው የትኛው ፋብሪካ፣ በየትኛው ሞተር እንደወጣ ይናገራል። በአንድ ዓመት ውስጥ አምራቹ መሀል ላይ የፍሬን ዓይነት የሚቀይርበት ጊዜ አለ። ሻጩ በሻንሲ ቁጥር ማየት ካልቻለ፣ የአሮጌውን ዕቃ ቁጥር አንብቡለት። የኔን ኩሽኔታ አስታውሱ።

አሮጌውን ዕቃ እንዲመልሱላችሁም ከመጀመሪያው ንገሩ። በኋላ ስትጠይቁ ቆሻሻ ውስጥ ገብቷል ይሏችኋል። እንደ ሞተሪኖና ዲናሞ ባሉት ላይ ደግሞ ሻጩ አሮጌውን መልሶ ይገዛ ይሆናል። ታድሶ ስለሚሸጥ ዋጋ አለው።

ከዚያ ደረሰኙን ከሥራ ትዕዛዙ ጋር አያይዙ። የተገጠመበትን ቀንና ኪሎ ሜትሩን ጻፉበት። ብዙ የዕቃ ዋስትና የሚቆጠረው ከተገዛበት ወይም ከተገጠመበት ቀን ነው፤ አንዳንዱም በባለሙያ ለመገጠሙ ማስረጃ ይጠይቃል። ካርቶኑንም ቢያንስ የዋስትናው ጊዜ እስኪያልፍ አትጣሉት። ዕቃው ላይ ያለው ቁጥር በሙቀትና በቆሻሻ ይጠፋል፤ ካርቶኑ ላይ ያለው ግን የትኛው ዙር ምርት እንደሆነ እስከ መጨረሻው ይነበባል። ቦታ ካጣችሁ ጎኑን ቀድዳችሁ የመኪናው መጽሐፍ ውስጥ ክተቱት።